የተሸካሚዋ ፍርድ

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ቢጫ ጀሪካን የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ብዙው መጀመሪያ የምግብ ዘይት ይዞ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዘይቱ ተቸርችሮ ሲያልቅ ባዶው ለብቻው ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ሲቀዳበት ይኖራል። ከጓዳ ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ በየቀኑ የሚነሣ፣ በየቀኑ ሰው ጀርባ ላይ የሚወጣ የለም። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ ለሥራው ታስቦ የተሠራ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገጥመንም። ስለ ሕንጻ፣ ስለ ሐውልት፣ ስለ አዲስ አስፋልት እንከራከራለን፤ እናቶቻችን ጠዋት ማታ ስለሚሸከሙት ዕቃ ግን ዝም እንላለን። ዝምታው ዕቃው ተራ ከመሆኑ የመጣ ይመስላል። እኔ ግን የሚሸከሙት ሰዎች ቃል ከቁጥር ስላልገባ ነው እላለሁ።

ዕቃን መመርመር የጥንት ፈላስፎች ሥራ ነበር። አርስቶትል አንድን ነገር አወቅሁት ለማለት አራት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው ይላል፤ ከምን ተሠራ? ምን ቅርጽ ያዘ? ማን ሠራው? ለምን ተሠራ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊ የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ ደግሞ ጥሩ ሥራ ጽናት፣ ጥቅምና ውበት ሊኖረው ይገባል ብሎ መስፈርቱን በሦስት ከፈለው። እነዚህ ሚዛኖች ዛሬም ያገለግላሉ። ከሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ጎድሏል፤ ማን ይሸከመዋል? ዕቃ ሁሉ ጥቅም ሲሰጥ የሚያስከፍለው ድካም አለ፤ ያ ድካም የሚያርፍበት አካልም አለ። ጥቅሙ ለአንዱ፣ ድካሙ ለሌላው ሲሆን ዕቃው የቱንም ያህል ቢጸና፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና አልተመዘነም።

እንስራን እንውሰድ። ከሸክላ አፈር ተበጅቶ በእሳት የተተኮሰ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። የሆዱ ስፋት ብዙ ውኃ ያስይዘዋል፤ የአንገቱ ጥበት በመንገድ ላይ ውኃው እንዳይፈናጠቅ፣ ቤት ሲደርስም እጅና ጣሳ እንዳይነከርበት ይጠብቀዋል። ክብነቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ማዕዘን ስለሌለው ስንጥቅ የሚጀምርበት ደካማ ጠርዝ አይኖረውም፤ በገመድ ሲታዘልም ከወገብ በላይ ካለው የጀርባ ጎድጓዳ ጋር ይገጥማል። ሸክላው ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወዛል፤ ወዙ ሲተን ከውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በሚያዝያ ሐሩር ከእንስራ የተቀዳ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አስቦ የነደፈ፣ ስሙ የተጻፈ መሐንዲስ የለም። እንስራውን እዚህ ያደረሰው ገበያ ነው። ሸክላ ሠሪዋና ውኃ ቀጂዋ በገበያ ቀን ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ገዢዋ እንስራውን አንሥታ በጣቷ አንጓ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ስንጥቅ አለበት። አንገቱን ትዳብሳለች፤ ክብደቱን በእጇ ትገምታለች፤ ካልጣማት አስቀምጣው ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሸክላ ሠሪዋም ያልተሸጠላትን ይዛ ስትመለስ ለምን እንዳልተሸጠ አውቃ ትመለሳለች። የሚቀጥለው ሥራዋ ያንን ዕውቀት ይዞ ይወጣል። ዛሬ በትልልቅ ፋብሪካዎች ዲዛይን መገምገም የሚባለው ሥራ በዚህ ገበያ ያለ ወረቀት፣ በሁለት ሴቶች መካከል ሲካሄድ ኖሯል። የእንስራው ቅርጽ የብዙ ትውልድ እሺታና እምቢታ ውጤት ነው።

የጀሪካን ትውልድ ከዚህ የራቀ ነው። መነሻው በ1937 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ጦር የተነደፈ የብረት የነዳጅ መያዣ ነው። 20 ሊትር ይይዛል። አናቱ ላይ ሦስት እጀታዎች ጎን ለጎን ተደርገውለታል፤ በመካከለኛው አንድ ወታደር ለብቻው ያነሣዋል፤ በዳርና ዳሩ ሁለት ሰዎች ይጋሩታል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ይይዛል። ጎኑ ላይ የታተመው መስቀለኛ ቅርጽ ብረቱን ያጠነክረዋል፤ ነዳጁ በሙቀት ሲያብጥም ቦታ ይሰጠዋል። ክዳኑ ከአካሉ ጋር ስለተያያዘ አይጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የራሳቸው ስስ ቆርቆሮ በበረሃው መንገድ እየተቀደደ ነዳጃቸውን ቢያፈስባቸው ከጠላታቸው የማረኩትን ይህንኑ ዕቃ ይዘው ራሳቸውም እሱን አስመስለው ሠሩ። በዕቃ ታሪክ ውስጥ ባላጋራ እንዲህ የመሰከረለት ሥራ ጥቂት ነው።

እኛ ዘንድ የደረሰው ፕላስቲክ ከዚያ ሥራ የወረሰው ስሙንና ማዕዘኑን ብቻ ነው። ሦስቱ እጀታ ወደ አንድ ወረደ፤ ክዳኑም ከአካሉ ተነጠለ። ለዘይት ንግድ ይህ ይበቃል። ዘይት አንድ ጊዜ ተሞልቶ፣ በመርከብና በመኪና ተደርድሮ፣ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ማዕዘኑም የወጣለት ክፍተት ሳይተርፍ እንዲደረደር ነው። ዕቃው መርከቡን፣ መጋዘኑንና ነጋዴውን በደንብ ያውቃል። ከምንጭ እስከ ቤት ያለውን ዳገት ግን ያሰበው የለም።

እንዲህም ሆኖ ጀሪካኑ እንስራን አሸንፏል፤ ያሸነፈበትንም በሐቅ መቁጠር ይገባል። አይሰበርም። ባዶውን እዚህ ግባ የሚባል ክብደት የለውም፤ እንስራ ግን ውኃ ሳይገባበት ራሱ ሸክም ነው። አህያ ላይ በግራና በቀኝ ይጫናል፤ ጋሪ ላይ ይደረደራል። ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ለውጥ አምጥቷል፤ እንስራ ማዘል የሴት ሥራ ሆኖ ስለተፈረጀ ወንድ ልጅ ሊነካው ያፍር ነበር፤ ጀሪካን አህያ ላይ ጭኖ ወይም ጋሪ እየገፋ ውኃ መቅዳት ግን አያሳፍረውም። የምክርና የስብከት ቃል ያልነቀነቀውን ልማድ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ በጥቂቱም ቢሆን ነቅንቆታል። የዕቃ ቅርጽ የሥራ ክፍፍልን እንደሚያጸና ሁሉ ሊያፈርስም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጉድለቱም እንዲሁ በሐቅ ይቆጠር። አህያም ጋሪም የሌላት ሴት 25 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን ስትሞላ 25 ኪሎ ታዝላለች፤ ማዕዘኑ አከርካሪዋ ላይ ያርፋል። ገመድ የሚያልፍበት ቦታ ስላልተሠራለት በእጀታው በኩል አስራ ታዝለዋለች፤ በእርምጃዋ ቁጥር ይንሸራተታል። እጅ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ታጥቦ አይጠራም፤ ውስጡ አረንጓዴ ሲያወጣ ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውኃ ጋር ተጨምሮበት እስኪጠራ ይናጣል። ክዳኑ ሲጠፋ የበቆሎ ቆረቆንዳ በላስቲክ ተጠቅልሎ ውታፍ ይሆንለታል።

ያንን ውታፍ ድህነት ያመጣው መላ ነው ብለን ብቻ እናልፈዋለን። እኔ የማየው ሌላ ነው። ክዳን ከአካሉ መለየት አልነበረበትም የሚል ትችት ነው፤ ጠጠሩም አፉ ሊሰፋ ይገባ ነበር የሚል ትችት ነው፤ በጀርባና በፕላስቲክ መካከል የሚገባው እራፊ ጨርቅም የማዕዘኑን ስህተት ይናገራል። ተጠቃሚዎቹ ዕቃውን መርምረው፣ ስህተቱን አግኝተው፣ በእጃቸው አርመውታል። የጎደለው ሰሚ ነው። ሸክላ ሠሪዋ በገበያ ቀን ትሰማው የነበረውን እምቢታ ፋብሪካው አይሰማም፤ ምክንያቱም የሸጠው ዘይት ነው፤ ውኃ ስለምትቀዳዋ ሴት የሚያውቀው ነገር የለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዶናልድ ኖርማን በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር አስተውሏል። ሰው ዕቃ ሲያስቸግረው ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካለማሰብ በተነደፈው ዕቃ ላይ ነው። ይህ አስተውሎት ወደ ጎጃም ገጠር ሲመጣ ትልቅ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። በክረምት ጭቃ፣ በሚያንሸራትት ቁልቁለት እንስራ የሰበረች ልጅ ስንት ጊዜ ተገርፋለች? ቀልበ ቢስ፣ እጀ ሰባራ ተብላለች። የአስር ዓመት ልጅ ለትልቅ ሰው ጀርባ የተሠራ ዕቃ ለምን ታዝላለች? ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ ደረጃ ያልወጣለት ለምንድን ነው? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የዕቃውንና የመንገዱን ጥፋት ሁሉ ልጅቷ ስትከፍል ኖራለች። ዕቃን በትክክል መዳኘት ማለት እንግዲህ ንጹሑን ሰው ከወቀሳ ነጻ ማውጣትም ነው።

ተመሳሳይ የተሳሳተ ፍርድ በገበሬው መሣሪያ ላይም ተፈርዷል። የበሬ ማረሻችን ኋላ ቀር ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ቀርበን ስንመረምረው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ እንጨት ናቸው፤ ከቀጥቃጭ የሚገዛው የብረቱ ክፍል ጥቂት ነው። እንጨቱ ቢሰበር ባለቤቱ ራሱ ጠርቦ ይተካዋል፤ ብረቱ ሲደንዝ ቀጥቃጭ ያሾለዋል። አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ገደል ለገደል ወደ ማሳው ይሄዳል። ድንጋይና ሥር ሲገጥመው እርፉን ቀና አድርጎ ያልፋል። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ በሬዎቹን ራሱ ይነዳል። ሁለት እጀታ ያላቸው የባሕር ማዶ ማረሻዎች ሁለቱንም እጁን ስለሚይዙበት በሬ የሚመራለት ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ይሻሉ። ለአንድ ሰው የተሠራ መሣሪያን ሁለት ሰው በሚጠይቅ መሣሪያ መተካት ለገበሬው ዕድገት አይሆንለትም።

ማረሻውን ከስድብ ማዳን ግን ከምርመራ ማዳን አይደለም። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ አፈር ስለሚቀር ገበሬው በሚቀጥለው ጊዜ አቋርጦ ያርሳል፤ ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሠልሳል፤ ለጤፍ ሲሆን ከዚያም ያልፋል። ማሳው ተዳፋት ከሆነ እርስ በርስ ከሚያቋርጡት አቅጣጫዎች አንዱ ወደ ቁልቁል መዞሩ አይቀርም፤ የክረምቱ ውኃም ያንን ትልም ተከትሎ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ገበሬው ማሳው ውስጥ ፈሰስ የሚያወጣው ይህን ጎርፍ ለመግራት ነው፤ ፈሰሱ ራሱ ግን ካልተጠነቀቁለት ሸለቆ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥያቄዬ ይሰፋል። የማረሻውን ዋጋ የሚከፍለው አራሹ ብቻ አይደለም፤ የበሬው ጫንቃ፣ የማሳው አፈር፣ ያንን አፈር የሚወርሱ የልጅ ልጆችም ይከፍሉታል። አንዳቸውም ገበያ ወጥተው አልጣመኝም ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ቃል ለሌላቸው ተሸካሚዎችም ጠበቃ መቆም ይኖርበታል።

ዕቃ ደግሞ ከቦታው ተነጥሎ አይመዘንም። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ከሱዳን የገባው የጌድዮን ጦር በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ አድርጎ ሲዋጋ ስንቅና ጥይቱን ያመጣው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። ለበረሃ ከግመል የተሻለ ጫኝ የለም፤ በደጋው ዳገት፣ ድንጋይና ብርድ ግን አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ግመሉ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ለአንድ አገር የተስማማውን ለሌላው ይሆናል ብሎ መገመቱ ላይ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው ሂፖ ሮለር የተባለ ተንከባላይ በርሜል 90 ሊትር ውኃ መሬት ላይ እየተገፋ ያመጣል፤ ለሜዳማ አገር እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። በምዕራብ ጎጃም ብዙ መንደር ግን ምንጩ ከሸለቆ ሥር፣ ቤቱ ከጉብታው ላይ ነው፤ 90 ኪሎ ወደ ላይ መግፋት ከማዘል አያሳርፍም። ሽልማት ያገኘን ዕቃ እንኳ ለመቀበል መጀመሪያ የራሳችንን ዳገት ማስታወስ አለብን።

በደንብ የታሰበ ለውጥ ምን እንደሚመስል አገራችን ውስጥ አብነት አለ። ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ እናቶች የሚያውቁትን ምጣድ እንዳለ ተወው፤ ያሻሻለው ከሥር የሚባክነውን እሳት ነው። ዙሪያውን በመግጠም እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል፤ የጭሱንም መንገድ ያቀናል። መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከልም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ውኃ ለሚያቁር መረሬ መሬት መሣሪያ ሲያበጅ የጀመረው ከገበሬው ከራሱ ማረሻ ነበር፤ ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ መደብ ማውጫ አደረጋቸው። ሁለቱም ሥራዎች መነሻቸው ሰው በእጁ ከያዘው ዕቃ ነው። ያለውን ያላወቀ የሚሻለውን አያመጣም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ዕውቀት በአገር ውስጥ እያለ ለምን አልዳበረም? አንዱ ምክንያት በሠሪው ላይ ያለን ንቀት ነው። በሸክላ ሠሪዋ እንስራ ጠጥተን፣ በቀጥቃጩ ብረት አርሰን በልተን፣ ሁለቱንም ቡዳ እያልን ከማዕድና ከጋብቻ አራቅናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ በእጁ ሠርቶ የሚያድርን ሰው በሙያው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፏል፤ ንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ዕቃውን የሚወድ፣ ሠሪውን የሚጠላ ኅብረተሰብ ስለ ዕቃው የሚማከረው ሰው ያጣል። ልጅ የእናቱን ሙያ እያፈረበት ሲተወው የዘመናት እሺታና እምቢታ የተጠራቀመበት ዕውቀት አብሮ ይቀበራል። ተሸካሚዋ ካልተደመጠች፣ ሠሪዋ ካልተከበረች፣ በመካከላቸው ያለው ዕቃ ከየት ተሻሽሎ ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ስለ ጀሪካን ቅርጽ ከማውራት ቧንቧ ማስገባት አይሻልም ወይ? ይሻላል። የዕቃ ምርመራ ከፍተኛው ደረጃም ይህ ነው፤ ዕቃው መሻሻሉን ብቻ ሳይሆን ከነአካቴው ማስፈለጉን መጠየቅ። ምንም ዓይነት ለጀርባ የተመቸ ጀሪካን ደጃፍ ላይ ያለን የውኃ ቧንቧ አይተካም፤ ምቹ ጀሪካን ሠራን ብሎ የቧንቧውን ሥራ ማዘግየትም በደል ነው። ሆኖም ቧንቧው እስኪመጣ ድረስ የሚታዘለው በአንዲት ሴት የዛሬ ወገብ ነው። ያ ወገብ ዛሬ ያጣውን ጤና ነገ የሚገባው ቧንቧ አይመልሰውም። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች አብረን እንጂ አንዱን ለሌላው ሰበብ አድርገን መያዝ የለብንም።

ዛሬ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ዕድል አለ። በ2013 ዓ.ም. ፊቤላ የተባለው ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ቡሬ ላይ ተመርቋል፤ የግብርና ውጤቶችን የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው አለ። ዘይት የሚታሸግበት ቦታ ከተሸካሚዋ ደጅ ደርሷል ማለት ነው። ዘይት ሞልቶ የሚወጣ ዕቃ ነገ የማን ጀርባ ላይ እንደሚውል ለማወቅ ከአጥር ወጥቶ ወደ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ መመልከት ይበቃል። ጀርባ ላይ የሚያርፈው ጎን ጥቂት ቢጎደጉድ፣ ለገመድ ሁለት ማለፊያ ቢወጣለት፣ ክዳኑ በማሰሪያ ከአንገቱ ጋር ቢያያዝ፣ አፉ እጅ እስኪያስገባ ቢሰፋ፣ አሥር ሊትር የሚይዝ ለልጆች የሚሆን ወንድም ቢበጅለት፣ ይህ ሁሉ ሩቅ አገር ሄዶ የሚጠና ጥበብ አይደለም። ጠያቂ ነው የሚሻው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አቤት እላለሁ። ዕቃ የምታመርቱ ሰዎች፣ ዕቃችሁ ከተሸጠ በኋላ ያለውን ዕድሜውን እንደ ራሳችሁ ሥራ ቁጠሩት። ደረጃ የምታወጡ ባለሙያዎች፣ ከውፍረቱና ከጥንካሬው ጎን ሙሉውን ዕቃ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ምስክርነት እንዲገባበት አድርጉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያውን ናሙና ሠርተው ሲያመጡ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ውኃ አስሞሉት፤ ከዚያም በየቀኑ ውኃ የምትቀዳ እናት ዘንድ ወስዳችሁ አሳዝሏት፤ የምትለውንም ቃል በቃል ጻፉት። የዚያ ዕቃ የመጀመሪያው ነጥብ እሷ የምትሰጠው ይሁን።